ቫምፓየር ለምታነቡ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ።

አባት ሲገባ ስልካችሁን የምትገለብጡ፣ ታላቅ እህት "ምን እያነበብሽ ነው?" ስትል "ምንም" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሽፋኑ ላይ ጥርሱ የወጣ ሰው ካለ ደግሞ ይብሳል። ደብዳቤው ለእናንተ ነው። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ደም ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሆስፒታል ደም ባንክ ውስጥ ደም ስመረምርና ሳመሳክር ጠጉሬ ሸብቷል። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የቫምፓየር፣ ከሞት ተነሥቶ የሰው ደም የሚጠጣ ፍጡር፣ ልብ ወለድ አነባለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

የማወራችሁ ስለ ሻርሌን ሃሪስ "ዴድ አንቲል ዳርክ" ነው። የወጣው በ2001 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)፤ የአሥራ ሦስት ልብ ወለዶች መጀመሪያ ነው። ከ2008 እስከ 2014 የታየው "ትሩ ብለድ" የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ከዚህ የመነጨ ነው። ድራማውን ያያችሁ ግን መጽሐፉን እንዳነበባችሁ አትቁጠሩት። ድራማው ጩኸት ይበዛዋል፤ መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንዲት አስተናጋጅ ወግ ነው። ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ፦ አልጋም ግድያም አለበት። አሥራ ስምንት ያልሞላችሁ ቆዩት፣ የትም አይሄድባችሁም።

ሱኪ ስታክሃውስ ሰሜን ሉዊዚያና ውስጥ፣ ቦን ታምፕ በምትባል የፈጠራ ከተማ፣ መጠጥ ቤት ታስተናግዳለች። ኮሌጅ አልገባችም። ብዙ ታነባለች፣ የምታነበውም እንደኛው ልብ ወለድ ነው። አንድ ጣጣ አለባት፤ የሰው ሐሳብ ይሰማታል። ፈልጋ አይደለም። ቢራ ስታቀርብ ጠጪው በሆዱ የሚያስበው ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቫምፓየሮች "እኛም አለን" ብለው በአደባባይ ወጥተዋል፤ ሕግም አውቋቸዋል። ሱኪ አንዱ ወደ ከተማዋ እንዲመጣ ስትመኝ ኖራለች፤ አንድ ማታ ይመጣል።

ቢል ኮምፕተን ገብቶ ይቀመጣል፤ ሰው ሠራሽ ደም እንዳለ ይጠይቃል። የለም፣ አለቃዬ አዟል፣ በሚመጣው ሳምንት ይገባል ትለዋለች። እንግዲያው ቀይ ወይን ይሁን ይላል። አለቀ። ደራሲዋ ስለ አዲሱ ዓለም አሥር ገጽ ማብራሪያ ልትጽፍ ትችል ነበር፤ በአንድ የመጠጥ ትእዛዝ ጨረሰችው። ቫምፓየር እንዳለ፣ ደም በጠርሙስ እንደሚሸጥ፣ የገጠር ከተማ ከዘመኑ ኋላ እንደምትቀር፣ ሱኪም እንግዳዋን ባዶ እጁን በማስቀመጧ እንዳፈረች፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ አለ። እኔማ ስቄ አልጠግብም። "አሁን የለም፣ ታዟል" ደም ባንክ ውስጥ ከአፋችን የማይጠፋ ቃል ነው። መጻፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ያቺን ገጽ በእጃችሁ ገልብጧት፤ ሰው ሲያዝዝና ሲታዘዝ ስንት ነገር መናገር እንደሚቻል ታዩበታላችሁ።

ስለ ሰው ሠራሽ ደሙ ካነሣሁ አይቀር፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ጥቂት ልቆይበት። በተከታታዩ ውስጥ ደሙን የሠሩት ጃፓኖች ናቸው። ይህ ከሰማይ የወረደ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ግሪን ክሮስ የተባለው የኦሳካ ኩባንያ ፍሉዞል የሚባል ኦክስጅን ተሸካሚ ፈሳሽ ሠርቶ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1989 ፈቀደለት፤ የልብ ደም ሥር በፊኛ ሲከፈት እንዲረዳ ነበር የታሰበው። በ1994 ከገበያ ወጣ። ሱኪ በታተመችበት በዚያው በ2001 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከከብት ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) የተሠራ ሄሞፒዩር የሚባል ምትክ ፈቅዳለች። ይሁንና እኔ በምሠራበት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ዛሬም ከሰው ክንድ የተቀዳ ነው። ቀይ ሴሉ ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ቢበዛ 42 ቀን ይቆያል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት የክፍል ሙቀት ላይ፣ ማሽን ላይ ሲወዛወዝ ውሎ አድሮ፣ በአምስት ወይም በሰባት ቀን ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ የእነ ቢል ጠርሙስ ለሌላው አንባቢ የታሪክ ማጣፈጫ ይሁን እንጂ ለእኔ ሥራ ላይ እያለሁ የምመኘው ነገር ነው።

ቫምፓየርና ሕክምና ድሮም አይለያዩም። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በማግሥቱ ዓመት አውሮፓ በጋዋን አጣች። በዚያ ዝናብ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቤት ውስጥ የተዘጉ ጓደኛሞች የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ከመካከላቸው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የባይረን የግል ሐኪም ፖሊዶሪ ነበረ፤ በ1819 የታተመው የእርሱ አጭር ልብ ወለድ ነው ቫምፓየርን የባላባት ልብስ ያለበሰው። በ1897 የወጣው ድራኩላ ውስጥ ደግሞ ሉሲ የምትባለውን ልጅ ለማዳን አራት ወንዶች በየተራ ደማቸውን ይሰጧታል፣ ያለ ምንም ምርመራ። ሳይንቲስቱ ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ያሳወቀው በ1901 ነው፤ የማይገጥም ደም ደግሞ ሰው ይገድላል። ያንን ምዕራፍ ሳነብ ጥርስ ያለው ጭራቅ አያስፈራኝም፤ እነዚያ አራት ደግ ሰዎች ግን ላብ ያሰምጡኛል።

ወደ ሱኪ ልመለስ። ቢል ሲገባ ስለ መልኩ፣ ስለ ነጣ ፊቱ ብዙ ይባላል፣ በዚያ አልቆይም። ልቧን የሚወስደው ሌላ ነው። የእርሱ ሐሳብ አይሰማትም። አእምሮውን ስታዳምጥ ጸጥታ ብቻ ነው። ሕይወቷን ሙሉ የሰው ሐሜት፣ የሰው ምኞት፣ የሰው ንቀት ሳይቋረጥ ሲፈስባት ለኖረች ልጅ አጠገቡ ዝም ማለት የሚቻልበት ሰው መጣላት። ፍቅሩ የሚሠራው በዚህ ነው። ከስልካችሁ የማንም የምንም ሐሳብ ቀንና ሌሊት የሚፈስባችሁ ልጆች ይህ ለምን ልባችሁን እንደሚነካው እኔ ላስረዳችሁ አይገባም። ታዲያ "የማይረባ የፍቅር ታሪክ ነው የማነበው" ከማለታችሁ በፊት የወደዳችሁትን ነገር በስሙ ጥሩት፤ ጥርሱን ነው፣ ቁመናውን ነው፣ ወይስ ጸጥታውን? የምትሰጡት መልስ ስለ መጽሐፉ ብቻ አይሆንም።

ቢልን ግን እንደ ባል እጩ አላቀርብላችሁም። ሳትጠይቀው ስለ እርሷ የሚወስንበት ቦታ አለ። ለእርሷ ብሎ ነው ያደረገው፤ እርሷ ግን ትደነግጣለች፣ ትቆጣለችም። ብዙ አንባቢ ያንን ቦታ ለሚቀጥለው መሳሳም ሲጣደፍ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ሱኪ የተቆጣችበትን ገጽ ምልክት አድርጉበት።

ከሁሉ የምወዳት አያትየዋ ናት፣ አዴል። ልጄ ቫምፓየር ወደደች ብላ ደረት አትመታም። ከተማዋ ውስጥ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የሚያጠና ማኅበር አለ፤ አዴል አባል ናት፤ ቢል ደግሞ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው በዚያ ጦርነት የተዋጋ ወታደር ነው። እና ስብሰባችን ላይ መጥተህ ንግግር አድርግልን አለችው! የማይጨውን ዘማች አጠገቡ ቁጭ ብሎ የጠየቀ ሰው የሴትዮዋ ጉጉት ይገባዋል። ቤተሰቦችህ ባሪያ ነበራቸው ወይ ብላ ስትጠይቀውም ነበሩን ይላል። መጽሐፉ ይህንን ፈጥኖ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ደራሲዋ ቆም ብትል እወድ ነበር፤ ሉዊዚያና ላይ የሞተ ሰው ካስነሡ አይቀር ሌላውም ሙት ጥያቄ አለው።

በእኛም አገር በሌሊት ጅብ የሚሆን፣ ሰው የሚበላ ይባላል። ቡዳ የሚለው ተረት ግን ተረት ሆኖ አልቀረም፤ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ ላይ ተለጥፎ በሕይወት ያለ ሰው አስገፋ። ስለዚህ የጭራቅ ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምከታተለው ጣቱ ወደ ማን እንደሚቀሰር ነው። ይህች መጽሐፍ በዚህ ብልህ ናት። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ ቢልን በብር ሰንሰለት አስረው ደሙን ሲቀዱት ሱኪ ታገኛቸዋለች። የቫምፓየር ደም ጉልበት ይሰጣል ተብሎ በድብቅ ይቸበቸባል። ሰንሰለት አንሥታ የምትደርስለት አስተናጋጇ ናት። ደም የሚሰርቀው ሰው፣ የሚሰረቀው ቫምፓየር። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ውስጥ ሴቶች ሲገደሉ ማን እንደሚጠረጠር ራሳችሁ አንብቡት።

አዎ፣ ግድያው። ብዙዎቻችሁ ከፍቅሩ ጋር ስትሮጡ ይህ መጽሐፍ በአጥንቱ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ መሆኑን ትረሳላችሁ። ሃሪስ ከ1981 ጀምሮ የወንጀል ታሪክ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ይህንን ስታወጣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነበር። አንቶኒ የተባለውን የምስጢር ልብ ወለዶች ሽልማት ያገኘችውም በዚህ ነው። ጨርሳችሁ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ብትመለሱ ገዳዩን ታገኙታላችሁ፤ ፊት ለፊታችሁ ነበረ። አንባቢው ዓይኑን ቫምፓየሩ ላይ ተክሎ ሳለ ደራሲዋ በጎን ምን ስትሠራ እንደነበር ማየት ከመጀመሪያው ንባብ የበለጠ ደስ ይላል።

ግድያው እዚያው መጽሐፍ ላይ ይቋጫል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሁን አሁን አንደኛው ክፍል የሁለተኛው ማስታወቂያ ሆኖ የሚያልቅባቸው ተከታታዮች በዝተዋል፤ አራት መቶ ገጽ አስነብበው ደጃፍ ላይ ያቆሟችኋል። አንደኛውን ስታነቡ ብቻውን መቆም ይችል እንደሆነ ፈትኑት። ካልቻለ አስቀምጡት። ከቻለና ከወደዳችሁትም የቀሩትን አሥራ ሁለት የማንበብ ዕዳ የለባችሁም። ጀመርኩ ብላችሁ እያዛጋችሁ አትጨርሱ፤ ፈተና አይደለም፣ ማንም ነጥብ አይሰጣችሁም። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ ደግሞ በየቃሉ መዝገበ ቃላት አትግለጡ። ሱኪ ቀለል አድርጋ ነው የምታወራው፣ አንድ ምዕራፍ ከሄዳችሁ ድምፅዋ ራሱ ይመራችኋል። አሜሪካ ያላችሁ መግዛትም አያስፈልጋችሁ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ በነጻ መዋስ ትችላላችሁ።

መቀጠል ለምትፈልጉ፣ ሁለተኛው ክፍል በ2002 ወጥቷል፤ ሱኪን ወደ ዳላስ ይወስዳታል፣ ለዚያ ከተማ ቫምፓየሮች ሥራ ልትሠራ። የዳላስና የጋርላንድ ልጆች፣ ደራሲዋ ከተማችሁን በደንብ ሥላው እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ እንዳትነግሩኝ።