ኤፍ 1 ኤክሴል ላይ ብቻ እንዲቀየር

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ የምውለው ኤክሴል ላይ ነው። ሴል ለማስተካከል ኤፍ 2ን ልጫን ስል ጣቴ ኤፍ 1 ላይ ያርፍና የሄልፕ መስኮቱ ይከፈትብኛል። ስለዚህ በኦቶሆትኪ (የኪቦርድ ቁልፎችን ሥራ በሚቀይር ፕሮግራም) ኤፍ 1ን ወደ ኤፍ 2 ቀየርኩት። ኤክሴል ላይ ግሩም ሆነ፤ ፎልደር ውስጥ ግን ኤፍ 1ን ስነካ የፋይሉን ስም ሪኔም ልታደርግ ነው ወይ ይለኛል። "ኤክሴል ከሆነ" የሚል ኢፍ ባስገባበት ደግሞ ኤፍ 1 ሌላ ቦታ ጭራሽ ሞተ። ምን ይሻለኛል? ወንድማችሁ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ኢፉን ያስገባህበት ቦታ ነው። ኢፉ ቁልፉ ውስጥ ሲሆን ኦቶሆትኪ መጀመሪያ ኤፍ 1ን ይይዘዋል፣ ኤክሴል ይሁን አይሁን የሚያጣራው ከያዘው በኋላ ነው። ካልሆነ ምንም አያደርግም፤ ቁልፉን ግን አንዴ ስለያዘው ወደ ሌላው ፕሮግራም አይደርስም። የሞተብህ ለዚህ ነው።

ማጣራቱ ከመያዙ መቅደም አለበት። ለዚህ በኦቶሆትኪ ስሪት 2 ላይ ሆትኢፍ የሚባል፣ ፊቱ ላይ የሃሽ ምልክት ያለው ትዕዛዝ አለ። ከቁልፉ መስመር በላይ ጻፈውና ከጎኑ ዊንአክቲቭ በል፤ ቅንፍ ውስጥ፣ በትምህርተ ጥቅስ መካከል፣ ኤ ኤች ኬ አንደርስኮር ኢ ኤክስ ኢ ብለህ ክፍተት ትተህ ኤክሴል ዶት ኢ ኤክስ ኢ ጨምርበት። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ከሱ ሥር ያለው ሁሉ ኤክሴል ከፊት ሲሆን ብቻ ይሠራል። ሁሉ ስልህ፣ ሌሎች አቋራጮችህም ጭምር! ስለዚህ ከኤፍ 1 መስመር በኋላ ሆትኢፍን ባዶውን ድገመው፣ እዚያ ያበቃል። በድሮው ስሪት የሚጻፈው ኢፍዊንአክቲቭ ነበር፤ ስሪት 2 ላይ ግን የለም፣ የቆየ ስክሪፕት (ትዕዛዞቹ የተጻፉበት ፋይል) ኮፒ አድርገህ ኤረር ካመጣብህ ይህንን ጠርጥር።

እባክህ በመስኮቱ ርዕስ እንዳትለየው። ስሪት 2 ቃሉ ርዕሱ ውስጥ የትም ቢገኝ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ብሮውዘር ላይ ስለ ኤክሴል የሚያወራ ገጽ ስትከፍት ኤፍ 1 እዚያም ይቀየርብሃል። የፕሮግራሙን ትክክለኛ ስም ከኦቶሆትኪ ጋር የሚመጣው ዊንዶው ስፓይ የሚባል መሣሪያ ያሳይሃል።

ኤክሴልን በአድሚን መብት የምትከፍተው ከሆነ ስክሪፕቱንም እንደዚያው ክፈተው፣ አለዚያ ቁልፉ አይነካውም። ሴቭ ካደረግክ በኋላ ደግሞ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ ኤች በቀኝ ጠቅ አድርገህ ሪሎድ በላት፤ እስከዚያ የሚሠራው የድሮው ነው።