መልስ፦ አዲሷን ንግሥት ንቦቹ ለምን ይገድሏታል?

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ያለው ቀፎህ የሰጠኸውን ንግሥት ሁለቴ የገደለው፣ በእኔ ግምት፣ ውስጡ ሌላ ንግሥት ስላለች ወይም ንቦቹ ራሳቸው እያሳደጉ ስለሆነ ነው።

ፍሬሞቹን፣ ማለትም ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩባቸውን የእንጨት ክፈፎች፣ አንድ በአንድ አውጣና ያልተፈለፈለ ኦቾሎኒ የሚመስሉ፣ ቁልቁል የተንጠለጠሉ የንግሥት ቤቶችን ፈልግ። ሁሉንም አጥፋ። አንዲት እንኳ ብትቀር ልፋትህ ከንቱ ነው፤ ንግሥት ከእንቁላል ተነስታ እስክትወጣ 16 ቀን ያህል ብቻ ነው የሚፈጅባት። ቀድማ የወጣች ካለችም ፈልገህ አውጣት።

ከዚያ አዲሷን ንግሥት በወንፊት ሽቦ ማገቻ ውስጥ አድርገህ እጭ ባለባቸው ሁለት ፍሬሞች መሃል አስቀምጣት፣ 3 ወይም 4 ቀን አትንካት። ስትከፍት ንቦቹ ሽቦውን ነክሰው ሙጭጭ ካሉ ገና ነው። በጣትህ ገፋ ስታደርጋቸው በቀላሉ የሚነሱ ከሆነ ልቀቃት፣ አመሻሽ ላይ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ እንጦጦ ግርጌ ባለኝ ቀፎ ነሐሴ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ ንግሥት ልለውጥ ብዬ ንቦቹን በሙሉ አጥቻለሁ፤ አበባ የለም፣ ርቧቸዋል፣ ያገኙትን ይነድፋሉ። አደይ እስኪፈነዳ መጠበቅ ካልቻልክ፣ ቀድመህ ለጥቂት ቀናት የስኳር ሽሮፕ ስጣቸው።