ግንዱ ረዘመ፣ ድንቹ ግን የት ገባ?

ጥያቄ፦ መስኮት ሥር በባልዲ የተከልሁት ድንች ግንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ተመዘዘ፤ ቅጠሉ ግን ገርጥቷል። ከሦስት ወር በኋላ ስቆፍረው ከአተር ጥቂት የሚበልጡ አራት ድንቾች ብቻ አገኘሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው ችግር ብርሃን ነው። እንዲህ ተመዝዞ የገረጣ ግንድ ፀሐይ ፍለጋ የሚንጠራራ ግንድ ነው። ድንች በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይሻል፤ ለእኛ ብሩህ የሚመስለን ክፍል ለእርሱ ድንግዝግዝ ነው። መስኮትዎ ይህን ካልሰጠ ለተክል የሚሆን አምፖል ከቅጠሉ በላይ ሰቅለው በቀን 12 ሰዓት ያህል ያብሩ። ሌሊቱን ግን ያጥፉት፤ ድንች ከአፈር በታች እንዲቋጥር የሚገፋፋው ረጅም ጨለማ ነውና።

ሙቀትም አለ። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ ይቋጥራል፤ ወደ 30 ሲጠጋ ቅጠል ብቻ ያበዛል። ስለዚህ ባልዲውን ከምድጃ ያርቁ።

ባልዲው ከታች ቀዳዳ አለው? እኔ የመጀመሪያውን ሳልበሳ ተክዬ፣ ዘሩ መበስበሱን ያወቅሁት ሽታው ሳሎኑን ሲሞላው ነው። ለ20 ሊትር ባልዲ አንድ ዘር ይበቃል፤ ስግብግብነት እዚህ አያዋጣም። ግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግማሹን በአፈር ይሸፍኑት። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ መርዝም ያበጃል። ከአራቱ ድንቾችዎ አረንጓዴ ካለ አይብሉት።