ከጸሎት የወጣችው ዶቃ፦ ስለ እንግሊዝኛ የልመና ቃላት ጥያቄና መልስ

በእንግሊዝኛ የጸሎትና የልመና ቃላት አመጣጥ ላይ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ መካከል ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ «ፕሬይ» የሚለው ቃል ሳይመጣ እንግሊዞች ጸሎትን ምን ይሉት ነበር?

መልስ፦ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዬቤድ»፣ ኋላ ላይ ደግሞ «ቤደ» ይሉት ነበር። በ1066 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ «ፕሬይ»ም በዚያው በር ገባ። ሥሩ «ፕሬካሪ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጉሙም ለመነ።

የድሮው ቃል ግን አልጠፋም። ምእመናን ስንት ጸሎት እንዳደረሱ የሚቆጥሩት በክር በተሰኩ ፍሬዎች ነበርና፣ ጸሎቱን መቁጠርና ፍሬውን መቁጠር አንድ ሆኖ ስሙ ቀስ በቀስ ወደ ፍሬው ተሻገረ። ዛሬ «ቢድ» ማለት ዶቃ ነው። እኛ ዕቃውን በሥራው መቁጠሪያ አልነው፤ እነሱ የጸሎትን ስም አውልቀው ለዶቃ አለበሱት። አንገቷ ላይ ዶቃ ያሰረች ልጅ ሳታውቀው ጸሎት ታጥልቃለች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ፕሊዝ» ከ«ፕሬይ» ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦ አይዛመድም። «ፕሊዝ» ደስ አሰኘ ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ «ደስ ካለህ» እንደማለት።

ጥያቄ፦ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። «ኢምፕሎር»፣ «ቢሲች» እና «ኢንትሪት» ሦስቱንም «ለመነ» እያልኩ ተቸገርኩ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ በ«ኢምፕሎር» ውስጥ ልቅሶ አለ፤ የላቲኑ «ፕሎራሬ» ማልቀስ ነው። «ቢሲች» የአገሬው ቃል ሲሆን ከ«ሲክ»፣ ማለትም ፈለገ ከሚለው ግሥ ወጣ፤ አጥብቆ መፈለግ ነው። «ኢንትሪት» ደግሞ ውል ከሚባለው «ትሪቲ» ጋር ዘመድ ነው፤ በመጀመሪያ አንድን ሰው በሆነ መንገድ መያዝ፣ ማስተናገድ ማለት ነበር፤ ልመናው በኋላ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ ግን ይርሱት። የዛሬው እንግሊዝ «ኢምፕሎር» ሲል እንባ አይታየውም፤ እርስዎም ገጸ ባሕርዩን ያለ ምክንያት አያስለቅሱት። እኔ ብሆን እንደ ዓረፍተ ነገሩ ተማጸነ፣ ተማለደ ወይም እግሩ ላይ ወደቀ እል ነበር።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። አንድ ትእዛዝ «ዴፕሪኬትድ» ሆኗል ሲባል ከጸሎት ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው! ላቲኑ «ዴፕሬካሪ» ክፉን ነገር በጸሎት ማራቅ ነው፤ እኛ «ከመዓቱ ይሰውረን» እንደምንለው። ከዚያ አለመደገፍ፣ መንቀፍ ወደሚል ትርጉም ዞረ። እናንተ ዘንድ ትእዛዙ ይሠራል፤ ነገር ግን እንዳትጠቀሙበት ትለመናላችሁ። «ፕሪኬሪየስ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፦ በልመና የተገኘ፣ የሰጪው ፊት ሲጠቁር የሚቀር። ዛሬ አስተማማኝ ላልሆነ ኑሮ ሁሉ ይውላል።

ጥያቄ፦ እኛ እግዚአብሔርንም ሰውንም «እንለምናለን»። እንግሊዞችስ?

መልስ፦ ድሮ «ፕሬይ» ለሰውም ይነገር ነበር፤ «ፕሪዚ» የሚለው የጥንት አነጋገር «እለምንሃለሁ» ነው። ዛሬ ይህ አገልግሎት በደንብ ተጠብቆ የቆየው በፍርድ ቤት ነው፤ ከሳሽ እንዲፈረድለት የሚፈልገውን የሚዘረዝርበት የክሱ ክፍል እስካሁን «ፕሬየር» ይባላል። እኛም ለዳኛ የምናቀርበውን አቤቱታ እንለዋለን፤ ዳዊት ሲደገም «አቤቱ» ከሚባለው ቃል ጎን ለጎን አስቀምጡት።