መልስ፦ የባቄላዬ ሥር ላይ ያሉት እባጮች በሽታ ናቸው?

በሥሩ ጎን ተለጥፈው በጣት ሲነኩ በቀላሉ ከተላቀቁ በሽታ አይደሉም። የቀሩትን ባቄላዎች አትንቀል። እባጮቹ ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ ቤት ናቸው። ባቄላው ስኳር ይቀልበዋል፣ እሱ ደግሞ ከአየር የያዘውን ናይትሮጅን ያቀብለዋል። ገበሬ ስንዴና ባቄላ የሚያፈራርቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የባክቴሪያውን ስም ሳይሰማ ጥቅሙን ያውቀዋል።

አንዱን በጥፍርህ ሰንጥቀህ እየው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ቅላቱ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው (እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው)። አረንጓዴ ከሆነ አርጅቷል።

ብቻ ዩሪያ አታብዛበት። እኔ ጓሮዬ ላይ «ይፋፋ» ብዬ በተንኩበት። ቅጠሉ አማረ፣ ሥሩ ላይ ግን እባጭ ለምልክት እንኳ ጠፋ። ባቄላው ናይትሮጅኑን ከዩሪያው በነጻ ሲያገኝ ባክቴሪያውን መቀለብ ይተዋል።