ወንድሜ ጸበል ላይ ሳለ ከሥራ ተሰናበተ፤ መብቱ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ማተሚያ ቤት የማሽን ኦፕሬተር ሆኖ አራት ዓመት ሠርቷል። ከጥር ወር ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ ብቻውን ያወራል፤ ባልደረቦቹ ምግቡ ውስጥ መርዝ የሚጨምሩበት ይመስለው ጀመር። እናታችን እንጦጦ ማርያም ጸበል ወሰደችውና ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጁ ታስሮ ነበር። በቀረ በሁለተኛው ቀን ለፈረቃ አለቃው ደውዬ መታመሙን ነገርኩት፤ «እግዚአብሔር ይማረው» አለኝ። ሲመለስ ግን «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታ በመቅረት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ጠበቀው። አሁን አማኑኤል ሆስፒታል መድኃኒት ጀምሮ እየተሻለው ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ «መልቀቂያ ጽፎ ይፈርም፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንሰጠዋለን፤ ለስሙም ይሻለዋል» ትላለች። እናቴ ደግሞ የአማኑኤል ወረቀት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አትፈልግም። ምን ይመክሩናል?

እህቱ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መልቀቂያውን እንዳይፈርም። የተሰናበተ ሰው ምን የሚለቀው ሥራ አለው? ድርጅቱ በራሱ ደብዳቤ ቢተማመን ኖሮ ሌላ ወረቀት ባልፈለገ። ወንድምዎ ከፈረመ ነገሩ «አባረሩኝ» ከሚለው ወጥቶ «በፈቃዴ ለቀቅኩ» ወደሚለው ይገባል፤ ያን ጊዜ ሲፈርም ፈቃዱን በትክክል መስጠት የሚችልበት የጤና ሁኔታ ላይ አልነበረም ብለን መከራከር አይቀርልንም፤ ይህ ደግሞ አድካሚ ክርክር ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃውም እንደ ስጦታ የሚቀርብ ነገር አይደለም። የሥራ ውል በማንኛውም ምክንያት ሲቋረጥ ሠራተኛው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ በሕግ የተጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ወንድምዎ ለዚህ የሚከፍለው ዋጋ የለም።

አሁን ወደ ስንብቱ እንምጣ። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል። ሕጉ የሳንባ ምችን ከአእምሮ ሕመም አይለይም፤ የሚለየው የእኛ ሐፍረት ነው። ፈቃዱ ከሕመሙ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በሚቆጠር በ12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ከስድስት ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን ያለ ክፍያ ናቸው። ለምሳሌ ደመወዙ 12,000 ብር ቢሆን በመጀመሪያው ወር 12,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር 6,000፣ 6,000 ብር ያገኛል። ሦስቱ የጸበል ሳምንታት እንግዲህ ሙሉ ደመወዝ በሚከፈልበት ወር ውስጥ የሚወድቁ ናቸው።

ድርጅቱ «አላሳወቀንም» ማለቱ አይቀርም። ሕጉ የታመመ ሠራተኛ በማግስቱ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ካለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከሆነ ግን ግዴታው ይቀራል። የእርስዎ የስልክ ጥሪ እዚህ ላይ ወርቅ ነው። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት ከስልክዎ ላይ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ካስፈለገም ፍርድ ቤቱ የጥሪውን ዝርዝር ከቴሌ እንዲያስቀርብ እናመለክታለን። አለቃው ያንን ምርቃት የተናገረው የሕመሙን ወሬ ሰምቶ እንጂ ሌላ ምን ሆኖ ነው? ወንድምዎ ከመቅረቱ በፊት በፈረቃው ላይ ሁኔታው መለወጡን ያዩ ባልደረቦችም ምስክር ይሆናሉ፤ አሁንም እዚያው የሚሠሩ ስለሆኑ ግን አለቅጥ አይጫኗቸው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ተቋም የተሰጠ የሕክምና ማስረጃ ነው፤ ከጸበል ቦታ የሚጻፍ ደብዳቤ የት እንደነበረ ያስረዳ ይሆናል እንጂ የሐኪም ማስረጃ አይተካም። ወንድምዎ ጸበል በነበረበት ሦስት ሳምንት የተጻፈ የሕክምና ወረቀት የለውም። ስለዚህ ወደ አማኑኤል ሲመለሱ የሚከታተለው ሐኪም የሕመሙን ታሪክ፣ ምልክቶቹ ከመቼ ጀምሮ እንደታዩና በዚያ ጊዜ መሥራት ይችል እንደነበረ በሙያው ያመነበትን እንዲጽፍለት ይጠይቁ። ቀን ወደ ኋላ አስቆጥረው ይጻፉልን ብለው እንዳይለምኑ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት እውነተኛውንም ክርክር ይዞ ይወድቃል።

ይህ ማስረጃ ቢደክም እንኳ ሁለተኛ በር አለን። አሠሪ በመቅረት ምክንያት ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ስንብቱን አስቀድሞ ሳያሳውቅ ወዲያውኑ፣ ሊያሰናብት የሚችለው፣ ሠራተኛው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀናት ያለ በቂ ምክንያት ከቀረና ስለ መቅረቱም አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ነው። ለወንድምዎ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶት ያውቃል? በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁም። ካልደረሰው ድርጅቱ ዋናውን ደረጃ ዘሎታል። ስንብቱ ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙም የአሠሪው ነው።

የእናትዎን ፍርሃት አልንቀውም። «አማኑኤል» የሚለው ስም ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚያስወራ አውቃለሁ። ለአሠሪው የሚቀርበው ማስረጃ ግን የሕመሙን ስም መዘርዘር የለበትም፤ መታመሙን፣ ክትትል ላይ መሆኑንና መሥራት ያልቻለበትን ጊዜ መግለጹ ለሕመም ፈቃድ በቂ ነው። ፍርድ ቤት ስንደርስ ዝርዝሩ ካስፈለገ ክርክሩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ማመልከት እንችላለን። ሐኪሙም ቢሆን የታካሚውን ምስጢር ያለ አግባብ ቢያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃል። ወረቀቱን ደብቆ ሥራውን ከማጣት ወረቀቱን በልክ አቅርቦ ሥራውን ማስመለስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ውሳኔው ግን የእናትዎም የእርስዎም ሳይሆን የእሱ ነው። እየተሻለው ከሆነ ቁጭ አድርገው ይጠይቁት።

ስለ መታሰሩም ዝም ብዬ አላልፍም። እናትዎ ይህን ያደረጉት ልጃቸው እንዳይጠፋባቸውና እንዳይወድቅባቸው ሠግተው መሆኑ ይገባኛል። ሆኖም የሰውን ነጻነት በገመድም ሆነ በሰንሰለት መግፈፍ ቤተሰብ ስላደረገው ብቻ ሕጋዊ አይሆንም፤ የታሰረ እጅም ይቆስላል። ጸበሉን ይተው ማለቴ አይደለም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ ወንድምዎም እየተጠመቀ መድኃኒቱን ባያቋርጥ ምንም የሚጣላ ነገር የለም። እንደገና ቢብስበት፣ በተለይም ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚችልበት ምልክት ካዩ፣ ገመድ ከመፈለግዎ በፊት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ያን ቀን ክርክሩም ይቆይ፤ ቀጠሮ ማስለወጥ እንችላለን።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ሌላ ክፍያ የሚጠየቀው በስድስት ወር ውስጥ ነው። ሽምግልና ይዘናል፣ ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቶልናል እያሉ ሦስቱን ወር የሚያሳልፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ጠበቃ ቢቆም ወደ ሥራ መልሱኝ የሚለው ጥያቄ አይነሣም።

ክሱ የሚቀርበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አዋጁ ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዛል፤ በተግባር መዝገብ ሲበዛ ሊዘገይ ይችላል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለስና እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈለው ሊያዝ ይችላል። መመለሱ ለሁለቱም ወገን ከባድ ችግር የሚፈጥር ከሆነ ደግሞ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና እንደ ሁኔታው ሌሎች ክፍያዎች ይወሰኑለታል። ከመክሰስዎ በፊት የትኛውን እንደሚፈልግ ይለዩ። መርዝ ያበሉኛል ብሎ ይፈራቸው ከነበሩ ሰዎች ጋር እንደገና ማሽን ፊት መቆም ይፈልግ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሐኪሙንም ስለዚህ ያማክሩ።

ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ በድርጅቱ የሠራተኛ ማኅበር ካለም በዚያ በኩል ይሞክሩ። እኛ ጠበቆችም አቅም ለሌለው ሰው ያለ ክፍያ የማገልገል የሙያ ግዴታ ስላለብን ደፍረው ይጠይቁን። እርስዎ እህቱ ስለሆኑ ወንድምዎ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቀርቦ ውክልና ከሰጠዎት ጠበቃ ሳይሆኑም ችሎት ሊቆሙለት ይችላሉ። ውክልናውን ደህና በሆነበት ቀን ይስጥ። አንዳንድ ቤተሰብ ለዚህ ሲል ብቻ «ችሎታ የለውም» የሚል የፍርድ ክልከላ፣ ማለትም ሰውየው በራሱ ጉዳይ እንዳይወስንና እንዳይፈርም የሚያግድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ሊያወጣ ይሮጣል፤ ይህ ገና ሥራ ሊመለስ ለሚችል፣ ዕድሜው ላልገፋ ሰው ከባድ ነገር ስለሆነ አይንኩት።

ሲመጡ የስንብት ደብዳቤውን ከነቀኑ፣ የሥራ ውሉን ወይም የደመወዝ ማስረጃውን፣ የመታወቂያውን ቅጂ፣ የጥሪውን ፎቶና የሆስፒታል ካርዱን ይያዙ። የስንብት ደብዳቤውን ፈርሞ ተቀብሎ ከሆነም መቼ እንደተቀበለ አስታውሰው ይምጡ፤ ሦስቱን ወር የምቆጥረው እሱን አይቼ ነው።