በዝቅተኛ ዋጋ ቀርቦ በማስከበሪያ መውደቅ

ጥያቄ፦ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ ነኝ። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ግልጽ ጨረታ ላይ ዋጋ ሲነበብ ዝቅተኛው የእኔ ነበር። በኋላ ግን «የጨረታ ማስከበሪያዎ (ከጨረታው ጋር ያስያዝኩት ዋስትና) የጊዜ ጉድለት አለበት» ተብዬ ወጣሁ። ሰነዱ የጠየቀው 118 ቀን ነው፤ የባንክ ዋስትናዬም 118 ቀን ይላል። ምን አጠፋሁ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የተሳሳተው መቁጠሪያው የጀመረበት ቀን ሳይሆን አይቀርም። ሰነዱ «የመወዳደሪያ ሐሳቡ 90 ቀን፣ ማስከበሪያው ከዚያ በኋላ 28 ቀን ይጸናል» ካለ፣ 118ቱ የሚታሰበው ከጨረታው መዝጊያ ቀን ነው። ባንኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን ከጻፈበት ቀን ይጀምራል። ደብዳቤው ጥቅምት 5 ተጽፎ ጨረታው ጥቅምት 15 ቢዘጋ፣ ዋስትናው የካቲት 3 ያበቃል፤ የሚፈለገው ግን እስከ የካቲት 13 ነው። በአሥር ቀን ጎደለ ማለት ነው። ይህ ከመክፈቻው በኋላ አይታረምም፤ ለአንዱ ቢታረም ለሌሎቹ በደል ይሆናል።

ስለዚህ ባንኩ የቀን ብዛት ብቻ ሳይሆን ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ ጥቂት ቀን ትርፍ ቢያስጨምሩበት አይጎዳም። የመዝጊያው ቀን ከተራዘመም ዋስትናውን አብረው ያስረዝሙ። ይህንን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው።

ደብዳቤውን ሲቀበሉ እዚያው ባንክ ቤት ቆመው ያንብቡት። የግዥ ፈጻሚው መሥሪያ ቤት ስም በሰነዱ ላይ እንዳለው ተጽፏል? የገንዘቡ መጠን ልክ ነው? «ጥፋቱ ሲረጋገጥ እንከፍላለን» የሚል ሐረግ ካለበት ቅድመ ሁኔታ ያለው ዋስትና ስለሆነ፣ «በቅድመ ሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ» ለሚል ጨረታ አያገለግልም። ሲፒኦ (ባንክ ገንዘቡን ከሂሳብዎ ይዞ የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ከዚህ ጣጣ ነፃ ያወጣል፤ ጥሬ ገንዘብዎን ግን አስሮ ያቆይብዎታል።

ቆጠራው ልክ ሆኖ ጨረታውን የገመገመው ኮሚቴ ከተሳሳተስ? መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ካልረኩ የመንግሥት ግዥ አቤቱታዎችን ወደሚያየው አጣሪ ቦርድ ይሂዱ። ጊዜው በሥራ ቀናት የሚቆጠር አጭር ነውና በጨረታ ሰነዱ ላይ ያለውን ገደብ ዛሬውኑ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ 400 ወንበር በ1,250 ብር ብዬ ድምሩን 50,000 ጻፍኩ። ዋጋዬ የቱ ነው?

መልስ፦ የነጠላ ዋጋው ይገዛል፦ 500,000 ብር፤ ዋጋው ከቫት በፊት ከሆነ 15 በመቶው ሲደመር 575,000። ከዚህ የሚለየው በነጠላ ዋጋው ላይ የነጥብ ቦታ በግልጽ ሲሳሳት ነው። በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ሲለያይ ደግሞ የፊደሉ ይጸናል። እርማቱን አልቀበልም ካሉ ከውድድሩ ይወጣሉ፤ ማስከበሪያውም ሊወረስብዎ ይችላል።